አንድ ሕንፃ ሦስት ጊዜ ያረጃል?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። “ቤተሰባችን ባለ አምስት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ አለው። ከተሠራ 20 ዓመቱ ነው፣ ሊፍት የለውም። የሂሳብ ሠራተኛችን በየዓመቱ 2.5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ እየያዘች ግማሹን ጨርሳለች። ልንሸጠው አስበን ገማች ብናስመጣ ደግሞ በሦስት ቦታ ቀነሰብን። አንዴ ለእርጅና፣ አንዴ ለሊፍቱ፣ አንዴ በአጠገቡ ስላለፈው አዲስ መንገድ። ድምሩ 41 በመቶ ገደማ ሆነ። የማንን እንመን? ደግሞስ አንድ ሕንፃ ሦስት ጊዜ ያረጃል?”

ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ሕንፃ በሦስት መንገድ ዋጋውን ያጣል። ሦስቱም አንድ ሕንፃ ላይ በአንድ ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ገማቹ ሦስት ቦታ መቀነሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው አንዱን ጉዳት በሁለት ስም ሁለቴ ቀንሶት ከሆነ ነው። ይህ ደግሞ ሰው ከሚያስበው በላይ ያጋጥማል። የት የት እንደሚደበቅ እግረ መንገዴን አሳያችኋለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛችሁም አልተሳሳተችም። እሷና ገማቹ የሚጠሩት ቃል አንድ ነው እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። እሷ የያዘችው ከ20 ዓመት በፊት ከኪሳችሁ የወጣውን ገንዘብ ነው። ያንን ወጪ ሕንፃው ያገለግላል ተብሎ በታሰበው ዘመን ላይ ታከፋፍለዋለች። በ40 ዓመት ሲካፈል በዓመት 2.5 በመቶ ይመጣል፣ በ20 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ያኔ 4 ሚሊዮን ፈጅቶ ከሆነ ዛሬ መዝገቡ 2 ሚሊዮን ይላል። (የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፤ በየትኛውም ገንዘብ ስሌቱ ያው ነው።) ይህ ቁጥር ሕንፃው ገበያ ቢወጣ ስንት ያወጣል የሚለውን አይነግራችሁም። ለዚያ ብሎም አልተሰላም። የግብር ሕጎችማ ይብሳሉ። የአሜሪካ የግብር ሕግ ለመኖሪያ ኪራይ ቤት 27.5 ዓመት፣ ለሌላ የንግድ ሕንፃ 39 ዓመት ይሰጣል። ሕንፃው 39 ዓመት ስለሞላው ግን በነፃ የሚሸጥላችሁ የለም።

ገማቹ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ሕንፃ ዛሬ አዲስ ቢሠራ ስንት ይፈጃል? ገዢ ደግሞ አሁን እንዳለ ሲያየው ከአዲሱ ምን ያህል ዝቅ አድርጎ ይከፍልበታል? በግመታ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ምክንያቱ የዛገ ቆርቆሮም ይሁን ያረጀ ፕላን ወይም የመንገድ ጫጫታ፣ ገዢው ዋጋ ካወረደበት ይቆጠራል። ዓመቱ ቢገፋም ገዢው ምንም ካላወረደ የሚቀነስ ነገር የለም።

የወጪ ዘዴ የሚባለው አገማመት የቆመው በቀላል ሐሳብ ላይ ነው። ገዢ ተመሳሳይ ቦታ አግኝቶ ተመሳሳይ ሕንፃ ብዙም ሳይጉላላ ማሠራት ከቻለ፣ ለተሠራው ከዚያ በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ገማቹ መጀመሪያ ቦታውን ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ከተሸጡ ተመሳሳይ ቦታዎች ጋር ያነጻጽረዋል። ቀጥሎ ሕንፃው ዛሬ አዲስ ቢሠራ የሚፈጀውን ያሰላል። ከዚያ ላይ ቅናሹን ያነሳል። የተረፈውን ከቦታው ዋጋ ጋር ይደምራል። ቦታ አያረጅም፤ ቅናሹ ከሕንፃው ላይ ብቻ ነው። ሪፖርታችሁ ላይ መቶኛው የተነሳው ከቦታና ከሕንፃ ድምር ላይ ከሆነ እዚያው ላይ ቆም በሉና ጠይቁ።

አዲስ ዋጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ሲሚንቶ፣ ብረትና የእጅ ዋጋ ነው። የዲዛይን፣ የፈቃድና የቁጥጥር ክፍያም አለ። ግንባታው እስኪያልቅ የሚቆጥረው የባንክ ወለድ አለ። ገንዘቡንና ጊዜውን አውጥቶ የሚያስገነባው ሰው የሚጠብቀው ትርፍም አለ። ትርፍ ከሌለው የሚገነባ ስለማይገኝ እሱም የዋጋው አካል ነው። ገማቹ እነዚህን ከዘለለ መነሻው ዝቅ ይላል። ቅናሹን በትክክል ቢሠራው እንኳ ውጤቱ ይበላሻል።

መነሻው ላይ ሌላም የሚወሰን ነገር አለ። አዲስ ስንል ምን ዓይነት አዲስ? አንደኛው መንገድ ያንኑ ሕንፃ፣ በዚያው ዕቃና በዚያው ፕላን፣ እንከኑንም ጭምር ደግሞ መሥራት ነው። ሌላው ያንኑ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ በዛሬ ዕቃና በዛሬ አሠራር መሥራት ነው። ሁለተኛው የመተኪያ ዋጋ ይባላል፤ ለተራ ሕንፃ በአብዛኛው የሚመረጠውም እሱ ነው። ልዩነቱን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የአንድ ድሮ ሕንፃ ግድግዳ ከሚፈለገው እጥፍ ወፍራም ነው እንበል። ያንኑ ደግመን ብንሠራው ለማንም የማይጠቅመው ውፍረት ዋጋው ውስጥ ይገባል። በኋላ እንደ ጉድለት መቀነስ ይኖርበታል። በመተኪያ ዋጋ ከጀመርን ግን ያ ትርፍ ውፍረት ከመጀመሪያውም አልገባም። ያልገባ ነገር እንዴት ይወጣል? በመተኪያ ዋጋ ጀምሮ ለውፍረቱ እንደገና የሚቀንስ ሪፖርት ግን በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ እንግባ።

የመጀመሪያው አካላዊ እርጅና ነው። ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚዳስሰው። ጥሩ ገማች ይህንንም በጅምላ አይወስደውም። ዛሬውኑ መጠገን ያለበት ነገር አለ፦ የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ አሸንዳ፣ የሚያፈስ ቧንቧ። እነዚህ የሚቀነሱት በመጠገኛ ዋጋቸው ነው። ገና የሚሠሩ፣ ግን ከሕንፃው ቀድመው የሚያልቁም አሉ፦ የጣሪያ ክዳን፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዕድሜ ይሰላሉ። የሚቀረው አጽሙ ነው፤ መሠረቱ፣ ምሰሶው፣ ወለሉና ግድግዳው። እሱ ረጅም ዕድሜ ስላለው የሚቀነስበት በዝግታ ነው።

ሁለተኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ሕንፃው አልተበላሸም፤ የዛሬ ተጠቃሚ የሚፈልገውን ግን አይሰጥም። አዲስ ሕንፃም ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሊኖርበት ይችላል። ሰው የሚዘናጋበት ቅናሽ ይህ ነው። እኔም ተዘናግቼበታለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መጋዘን ገምቼ ነበር። ኮንክሪቱ እንደ አለት ነው። ስንጥቅ የለው፣ ጣሪያው አያፈስ። ጥቂት ብቻ ቀንሼ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ባለቤቱ በዚያው ዋጋ ለገበያ አቀረበው። የመጣው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይሄዳል። ወራት ካለፉ በኋላ ከገዢዎቹ አንዱን ምን እንዳልተስማማው ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ጣሪያውን አሳየኝ። ዝቅ ያለ ነው። ምሰሶዎቹም ተቀራርበዋል። ዛሬ ዕቃ የሚደረደረው በፎርክሊፍት ወደ ላይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ፎርክሊፍት እንደ ልብ መዞር እንኳ አይችልም። መጋዘኑ ሲሠራ ዕቃ የሚገባው በሰው ትከሻ ነበር። ግንቡ ምንም አልሆነም፣ ዘመኑ ግን ጥሎት ሄዷል። እኔ የቆጠርኩት ስንጥቅና ዝገት ብቻ ነበር፤ የሰውየውን ጊዜ አባከንኩበት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሕንፃ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ “እዚህ የሚሠራ ሰው ምን ይቸግረዋል?” የሚል ሆነ።

ጉድለቱ ሊስተካከል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው የሚወሰነው በምህንድስና አይደለም። ገንዘብ ካለ የማይስተካከል ነገር ጥቂት ነው። መለኪያው ማስተካከያው ከሚፈጀው ይልቅ የሚጨምረው ዋጋ ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። ቢያንስ እኩል ከሆነ ይስተካከላል ይባላል። ያ መጋዘን ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ይቻል ነበር። ወጪው ግን የሚያመጣውን ስለሚበልጥ አይስተካከልም ተብሎ በኪራይ ላይ በሚያመጣው ጉዳት መሰላት ነበረበት።

ሦስተኛው ከአጥሩ ውጭ የሚመጣው ነው። መንገድ፣ ጫጫታ፣ ሽታ፣ የገበያ መቀዛቀዝ። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢደክም በራሱ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ እንደማይስተካከል የሚቆጠረው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መንገዱ የጎዳው ሕንፃውን ብቻ አይደለም፣ ቦታውንም ነው። ገማቹ ቦታውን የገመተው በዚያው መንገድ ዳር ከተሸጡ ቦታዎች ከሆነ፣ የቦታው ድርሻ እዚያ ውስጥ አስቀድሞ ወርዷል። ስለዚህ ከሕንፃው የሚቀነሰው የሕንፃው ድርሻ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ እናንተ ባለ ሕንፃ ላይ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

ሕንፃው ዛሬ ሊፍት ሳይኖረው አዲስ ቢሠራ 12 ሚሊዮን ይፈጃል እንበል። የዘገየው ጥገና 300 ሺህ ነው። የጣሪያው ክዳን አዲሱ 600 ሺህ ያወጣል፤ በመካከል ስለተቀየረ ከ25 ዓመት ዕድሜው 15ቱን ብቻ ጨርሷል፣ ስለዚህ 360 ሺህ ይቀነሳል። የመታጠቢያ ቤትና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ አዲስ ሲሆኑ 900 ሺህ ናቸው፤ እነሱም ስለተቀየሩ ከ20 ዓመት 10ሩን አገልግለዋል፣ 450 ሺህ ይቀነሳል።

አሁን አጽሙ ቀረ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የአጽሙ ቅናሽ ከ12 ሚሊዮኑ ላይ አይሰላም። ጥገናው 300 ሺህ፣ ክዳኑና ዕቃዎቹ በአዲስ ዋጋቸው 1.5 ሚሊዮን፣ መጀመሪያ ይወጣሉ። የሚተርፈው 10.2 ሚሊዮን ነው። አጽሙ 80 ዓመት ይቆማል ከተባለና 20ው ካለፈ ቅናሹ ሩብ ነው፣ 2 ሚሊዮን 550 ሺህ። ገማቹ ሩቡን ከ12 ሚሊዮን ላይ ቢያነሳ ኖሮ 3 ሚሊዮን ይሆን ነበር። ያ 450 ሺህ ልዩነት ጥገናውን፣ ክዳኑንና ዕቃዎቹን ሁለተኛ ጊዜ መቀነስ ነው። የአካላዊው ድምር በትክክለኛው መንገድ 3 ሚሊዮን 660 ሺህ መጣ።

ወደ ሊፍቱ። ዛሬ ባለው ሕንፃ ላይ ሊፍት ማስገባት 1.5 ሚሊዮን ይፈጃል፤ ወለል መቅደዱ፣ ማጠናከሩ፣ ተከራይ ማስቸገሩ አብሮ ይመጣል። ሊፍቱ ከገባ የንብረቱ ዋጋ በ1.7 ሚሊዮን ያድጋል እንበል። እንግዲያው ይስተካከላል። ስንት ይቀነስ? ብዙ ሰው 1.5 ሚሊዮን ይላል። አይደለም። 12 ሚሊዮኑ የሊፍት ዋጋ የለበትም ብለናል። ሊፍቱ ከመጀመሪያው ከሕንፃው ጋር አብሮ ቢሠራ ኖሮ 1.1 ሚሊዮን ይፈጅ ነበር። ባለቤቱን የጎዳው አሁን ዘግይቶ ማስገባቱ ያመጣው ብልጫ ብቻ ነው፤ 400 ሺህ። የሚቀነሰውም እሱ ነው።

መንገዱ ደግሞ የንብረቱን የተጣራ ኪራይ በዓመት በ120 ሺህ አውርዶታል እንበል። ገዢዎች ከእንዲህ ያለ ንብረት በዓመት 10 በመቶ ገቢ የሚጠብቁ ከሆነ፣ የዋጋው ጉዳት 120 ሺህ ለ0.10 ሲካፈል 1.2 ሚሊዮን ነው። ከንብረቱ ጠቅላላ ዋጋ የሕንፃው ድርሻ 70 በመቶ ከሆነ፣ ከሕንፃው የሚቀነሰው 840 ሺህ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 4.9 ሚሊዮን ይሆናሉ። ከ12 ሚሊዮን 41 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሕንፃው 7.1 ሚሊዮን ቀረለት። ቦታው 3 ሚሊዮን ከተገመተ ንብረቱ 10.1 ሚሊዮን ይመጣል። መዝገባችሁ ላይ ካለው 2 ሚሊዮን ጋር አታወዳድሩት፤ ያኛው ከ20 ዓመት በፊት በነበረ ወጪ የተነሳ ነው፣ ቦታውም አልተደመረበትም።

“ይሄ ሁሉ መላ ምት አይደለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። ከፊሉ የገማቹ ዳኝነት ነው፣ እውነት ነው። ለዚህ ነው ገበያው ራሱ መጠየቅ ያለበት። አጠያየቁ እንዲህ ነው። በቅርቡ የተሸጠ ተመሳሳይ ሕንፃ ይፈለጋል። 9 ሚሊዮን ተሽጧል፣ ቦታው 2.8 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። ገዢው ለሕንፃው የከፈለው 6.2 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። ያ ሕንፃ ዛሬ አዲስ ቢሠራ 10 ሚሊዮን ይፈጃል። ገበያው 3.8 ሚሊዮን ቀንሶበታል፣ 38 በመቶ። ሕንፃው የ19 ዓመት ከሆነ በዓመት 2 በመቶ ይወጣል፤ ኢኮኖሚያዊ ዕድሜው 50 ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። በዚህ መለኪያ የእናንተ የ20 ዓመት ሕንፃ 40 በመቶ ይቀነስበታል። ከ41 ጋር ተቀራረበ። እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል፤ ገማቹ በሁለት መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ ደረሰ። አንድ ሽያጭ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሦስት አራት ሲሆኑ ነው ልብ የሚሞላው። መንገዱ የአንዱን ሕንፃ ኪራይ አውርዶ የሌላውን ካልነካም ንጽጽሩ ያንን ማረም አለበት።

እዚህ ላይ 50 ዓመት ያልኩት ቀደም ሲል ለአጽሙ ከወሰድኩት 80 ዓመት ጋር እንዳይምታታባችሁ። 80ው ኮንክሪቱ የሚቆምበት ነው። 50ው ሕንፃው ለቦታው ዋጋ የሚጨምርበት ዘመን ነው። አብዛኛው ሕንፃ የሚፈርሰው ሳይወድቅ ነው። ቦታው ከላዩ ካለው ሕንፃ ይልቅ ለሌላ ነገር የበለጠ ሲያወጣ ይፈርሳል።

ዕድሜ ስንልም የልደት ቀኑን ብቻ አይደለም። በደንብ የተያዘ፣ ውስጡ የታደሰ የ20 ዓመት ሕንፃ ለገዢ የ12 ዓመት ሊመስለው ይችላል። ገማቾች ይህን ውጤታዊ ዕድሜ ይሉታል። ትልቅ ዕድሳት ካደረጋችሁ ደረሰኙን፣ ፎቶውን፣ ያደረጋችሁበትን ዓመት ስጡት። ገማች የማያየውን አያስብላችሁም፤ በግድግዳ ውስጥ የተቀየረ ቧንቧ ደግሞ አይታይም።

የወጪ ዘዴ ለሁሉም ንብረት እኩል አይታመንም። ሕንፃው አዲስ ሲሆን፣ ወይም እንደ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ገበያ ላይ ብዙም የማይሸጥ ሲሆን ጠንካራ ነው። ሕንፃው እያረጀ ሲሄድ ቅናሹ ይበዛል፣ ከቅናሹ ጋር የገማቹ ዳኝነትም ይበዛል። እንደ እናንተ ላለ 20 ዓመት የሞላው የኪራይ ሕንፃ እኔ ብሆን በዚህ ዘዴ ብቻ ዋጋ አልቆርጥም። የኪራይ ገቢውንና ተመሳሳይ ሽያጮችን ዋና አድርጌ፣ ይህንን ማመሳከሪያ አደርገዋለሁ። ገማቹ ሌሎቹን ለምን እንዳልተጠቀመ ሪፖርቱ ላይ ጽፎ ከሆነ አንብቡት፤ ካልጻፈ ጠይቁት።

ሪፖርቱን ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የሊፍቱን መስመር ክፈቱ። እዚያ ላይ የተጻፈው የሊፍቱ ሙሉ ማስገቢያ ዋጋ ከሆነ፣ መነሻ የሆነው የአዲስ ዋጋ ውስጥ ሊፍት ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አልነበረም ካለ፣ በእኔ ምሳሌ 1.1 ሚሊዮን ያለ አግባብ ተቀንሶባችኋል። ቀጥሎ መቶኛው ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደተነሳ፣ ጥገናው፣ ክዳኑና ዕቃዎቹ ቀድመው ወጥተው እንደሆነ እዩ። ከዚያ የመንገዱን ቅናሽ ተመልከቱ፤ የቦታው ድርሻ ተለይቶ እንደሆነ እዩ። ጨዋ ገማች በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም። ስሌቱን አውጥቶ አብሯችሁ ይቆጥራል።